«ማን ላከው?» የአንድ መስመር ትዕዛዝ ታሪክ

ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ በኛ አቆጣጠር ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነን፣ የ11ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አንዱ ማሽን ላይ ቪዲዮ ማጫወቻ ስላልነበረ ተርሚናሉን፣ ልጆቹ «ጥቁሩ ስክሪን» የሚሉትን ከፈትኩና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤልሲ» ብዬ ጽፌ ኢንተር መታሁ። ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ልቀጥል ወይ አለኝ፣ ቀጥል አልኩት። ከዚያ ጽሑፉ እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርድ ጀመር። ኔትወርኩም ዕድሜ ይስጠውና የዚያን ቀን ደህና ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮው ተከፈተ። ሲዲ የለ፣ ፍላሽ የለ፣ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» የለ።

ከኋላዬ ቆማ የምታይ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ከኢንተርኔት።»

«እሱማ ገብቶኛል። ማን ላከው ነው የምልዎት።»

ደወል ተደወለና አመለጥኩ። ጥያቄዋ ግን የዋዛ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ላፕቶፔን አንድ ሱቅ ወስጄ «ኦፊስ ጫንልኝ» አልኩ። ልጁ ከፍላሹ ክራክ የተደረገ ነገር ጫነልኝ፣ ብሩን ተቀበለኝ፣ ተመሰጋግነን ተለያየን። በሳምንቱ ስከፍተው ፋይሎቼ በሙሉ ተቆልፈው «በዶላር ክፈል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል። የክፍሌ ሮስተር እዚያ ውስጥ ነበር፣ የ58 ተማሪ የሴሚስተር ውጤት። ሁለት ሌሊት ከማርክ ሊስቱ ወረቀት ላይ እንደገና ስለቅም አደርኩ። ያኔ እኔ «ማን ላከው?» ብዬ አልጠየቅኩም። እሷ ጠየቀች። ስለዚህ የሚገባትን መልስ እዚህ ልሞክር።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ፓኬጅ ስል የኢንተርኔት ፓኬጅ ማለቴ አይደለም (እሱም ያስፈልጋል፣ ምን ይደረግ)። ፓኬጅ ማለት አንድ ፕሮግራም ከነጓዙ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት የሚቀመጥ ጥቅል ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ስንተኛው እትም እንደሆነ፣ ሌላ ምን ምን እንደሚፈልግ፣ ተጠሪው ማን እንደሆነ ተጽፏል። የዛሬው ታሪክ በአጭሩ የዚያች ወረቀት ታሪክ ነው።

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ለቀቀ። ሊኑክስ ብቻውን ግን ከርነል ነው፣ ሞተር በሉት። ሞተር ብቻውን መንገድ አይወጣም፤ መሪ ይፈልጋል፣ ጎማ ይፈልጋል፣ ወንበር ይፈልጋል። ቀሪው ዕቃ በየቦታው ተበትኖ ነበር፤ ብዙው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ባወጀው «ግኑ» በሚባለው ፕሮጀክት ውስጥ የተሠራ ነው። ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ኮዱን ጥሬውን ያወርድና በገዛ ማሽኑ ላይ «ሜክ» ብሎ ያበስለዋል፣ ቀጥሎ «ሜክ ኢንስቶል» ብሎ ያስገባዋል። ጤፉን ገዝቶ፣ አስፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ ጋግሮ መብላት ማለት ነው።

መጋገሩስ ባልከፋ። የከፋው ጣጣው ነው። ፈረንጆቹ ዲፔንደንሲ ይሉታል፣ እኔ ለተማሪዎቼ «ጣጣ» ብዬ ነው የማስተምረው። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ምስል ለመክፈት የሌላ ሰው ላይብረሪ ይጠቀማል፣ ያ ላይብረሪ የተጨመቀ ፋይል ለመፍታት ሌላ ላይብረሪ ይጠራል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መታወቂያ ልታወጡ ሄዳችሁ «መሸኛ አምጡ» ተብላችሁ፣ መሸኛ ልታወጡ ስትሄዱ ደግሞ «መታወቂያ አምጡ» ተብላችሁ የምታውቁ ካላችሁ ነገሩ ገብቷችኋል፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። ደግሞ የገባውን ማስወጣትም ሌላ ፈተና ነበር። «ሜክ ኢንስቶል» ፋይሎቹን በየፎልደሩ ይበትናቸዋል፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚመዘግብ የለም። ዘመድ ሳይቀር ማንነቱ የማይታወቅ ዕቃ የሞላበት ቤት ማለት ነው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሰብስበው፣ አዘጋጅተው ማደል ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1992 የወጣው ኤስኤልኤስ የሚባለው ስብስብ ነበር። ተወደደ፣ ግን ስህተት የሞላበት ነበር። ሁለት ሰዎች በሱ ተናደው በ1993 ክረምት የየራሳቸውን ጀመሩ። ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ኤስኤልኤስን አስተካክሎ ስላክዌርን አወጣ፤ ስላክዌር ዛሬም አለ። ሁለተኛው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ ስሙ ኢያን መርዶክ። ኦገስት 16 ቀን 1993 አዲስ ስብስብ እያዘጋጀ መሆኑን አስታወቀ። ስሙን ከፍቅረኛው ከዴብራ ስም መጀመሪያ እና ከራሱ ከኢያን ገጣጥሞ «ዴቢያን» አለው። (ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ከትምህርቱ ሁሉ ያስታወሱት ይሄንን ብቻ ነው።)

የመርዶክ ሐሳብ ኮድ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ የሥራ ክፍፍል ሐሳብ ነው። አንድ ሰው መቶ ፕሮግራም በደንብ ሊያዘጋጅ አይችልም። መቶ ሰው ግን እያንዳንዱ አንዳንድ ቢይዝ ይችላል። አንዱ የዚህን ፕሮግራም ጥቅል ይይዛል፣ ሌላው የዚያኛውን። በስሙ ይይዛል፤ ስህተት ቢገኝ ሰዎች ለሱ ይጽፋሉ። በጃንዋሪ 1994 ይህንን «የዴቢያን ማኒፌስቶ» ብሎ አወጣው። እንደ ማኅበር ነው፣ ድግሱን አንድ ሰው ብቻውን አይደግስም።

ግን የማይተዋወቁ ሰዎች በየአገሩ ሆነው የሠሩት ጥቅል አንድ ማሽን ላይ እንዳይጣላ ደንብ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ወረቀቷ የመጣችው። «ዲፒኬጂ» የሚባለው ፕሮግራም ተጻፈ፤ መጀመሪያ ቀለል ያለ ስክሪፕት ነበር፣ በ1994 ኢያን ጃክሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ዋናውን ክፍል በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። (ሁለት ኢያን ነው፣ እንዳትደባልቁ።) የዴቢያን ጥቅል ዛሬም ውስጡን ብትከፍቱት ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ራሱ ዕቃው ነው፣ ሁለተኛው ያቺ ወረቀት። «ዲፔንድስ» የሚል መስመር አለ፣ ጣጣው እዚያ ይዘረዘራል። «ሜንቴይነር» የሚል መስመር አለ፣ የተጠሪው ስም ከነኢሜሉ። ዲፒኬጂ የገባውን ፋይል ሁሉ ይመዘግባል፤ አውጣ ስትሉት መዝገቡን አይቶ ያወጣል። በአሜሪካም ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ በ1995 «አርፒኤም» የሚባል የራሱን አወጣ። እሱም ትልቅ ታሪክ አለው፤ እኔ ግን የማውቀውን ልጨርስ።

በመሀል አንዲት አስቂኝ ነገር አለች። የዴቢያን ልጆች 1.0 የሚባለውን እትም ገና እያዘጋጁ ሳለ፣ በ1995 መጨረሻ ላይ አንድ የሲዲ ነጋዴ ያላለቀውን ወስዶ «ዴቢያን 1.0» ብሎ በሲዲ ሸጠው። የማይሠራ ነገር ነው የሸጠው። እነሱም ሰው ግራ እንዳይጋባ 1.0ን ዘለሉትና የመጀመሪያው ይፋዊ እትም 1.1 ሆነ፣ ጁን 1996 ላይ። ያኔ መሪው ብሩስ ፔሬንስ ነበር፤ እንጀራው ፒክሳር ነው፣ ቶይ ስቶሪ የሚባለውን የካርቱን ፊልም የሠራው ስቱዲዮ። ለዚህ ነው የዴቢያን እትሞች እስከ ዛሬ በፊልሙ ገጸ ባሕርያት ስም የሚጠሩት። 1.1 «በዝ» ተባለ። ሁልጊዜ እየተሠራበት ያለው፣ ዋስትና የሌለው ክፍል ደግሞ «ሲድ» ይባላል፤ ሲድ በፊልሙ ውስጥ የሰፈሩን አሻንጉሊት የሚሰባብረው ልጅ ነው። ሲድን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

በዝ ውስጥ 474 ፓኬጅ ነበር። በ2023 የወጣው 12ኛው ዴቢያን ውስጥ ከ64,000 በላይ አለ።

ይሁንና ዲፒኬጂ አንድ ጉድለት ነበረበት። ወረቀቱን አንብቦ «ይህ ይጎድልሃል» ይላችኋል፣ ያቆማል። ሄዶ አያመጣም። እንደ ዘበኛ ነው፤ መሸኛ የለህም ይላል እንጂ መሸኛው የትኛው ቢሮ እንደሚሰጥ አይነግርህም። ለዚህ በ1998 «አፕት» ተሠራ፣ በማርች 1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ለሁሉም ደረሰ። አፕት የሚሠራው ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አስቀድሞ የጥቅሎቹን ዝርዝር በሙሉ ያወርዳል፣ «አፕት አፕዴት» የምንለው ይኸው ነው። አንድ ነገር ስትጠይቁት የዚያን ጣጣ ያያል፣ የጣጣውን ጣጣ ያያል፣ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ ያላችሁን ይቀንሳል፣ የሌላችሁን ይደምራል። ከዚያ ነው «ይህን ያህል ሜጋባይት አወርዳለሁ፣ ልቀጥል?» የሚለው። ስትፈቅዱ ያመጣና ለዲፒኬጂ በቅደም ተከተል ያስረክባል። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ያየችው ዝናብ ይህ ነው።

ከ2007 ጀምሮ ደግሞ በዴቢያን 4.0 ማኅተም ማየት ተጨመረ። የጥቅሎቹ ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ ይታተማል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ጥቅል አሻራ አለ። መንገድ ላይ አንድ ሰው አንዲት ፊደል ቢለውጥ አሻራው አይገጥምም፣ አፕትም አልቀበልም ይላል። ደብዳቤ ማኅተምና ቲተር ከሌለው አይሠራም እንደምንለው። የኔ የሱቁ ልጅ ፍላሽ ይሄ ነው ያልነበረው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ2004 ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ሀብታም፣ ከሁለት ዓመት በፊት በራሱ ገንዘብ ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ በዴቢያን ላይ የተመሠረተውን ኡቡንቱን አስወጣ። ኡቡንቱ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በነጻ፣ የፖስታውንም ሳይቀር ከፍሎ ይልክ ነበር። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ በ2002 ዓ.ም. (በኛ) አንድ ጓደኛዬ እንዲህ የመጣ ሲዲ ሰጠኝ። ጫንኩት፣ አማረብኝ። ኤምፒ3 ዘፈን ልከፍት ስል እምቢ አለ! በባለቤትነት መብት ምክንያት ማጫወቻው ሲዲው ውስጥ አልተካተተም ነበር፤ ለብቻ በአፕት ማምጣት ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ዶርም ውስጥ የለም።

ስለዚህ ኢንተርኔት ካፌ ሄድኩ። የሚያስፈልገው ፓኬጅ ስሙ ጂስትሪመር ሆኖ መጨረሻው ላይ «አግሊ» ይላል፤ አስቀያሚ ማለት ነው፣ እውነቴን ነው። በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ዲፒኬጂ «ሊብማድ ይጎድልሃል» አለኝ። አስቀያሚው እብዱን ካላመጣህ አልገባም አለ ማለት ነው። ተመለስኩ፣ በደቂቃ እየተቆጠረብኝ እብዱን አወረድኩ። መጣሁ፤ ሌላ ይጎድልሃል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ነው ዘፈኑ የተከፈተው፣ እሱም ያመጣሁት የአንዱ እትም ቁጥር ሳይገጥም ቀርቶ ሌላ ፈልጌ። ፈረንጆቹ ይህን «የጣጣ ሲኦል» ይሉታል። እነሱ ሲኦሉን በ1990ዎቹ ትተውት ሄደዋል፣ እኛ በእግራችን እየተመላለስን ቆየንበት። አፕት ምን እንዳቀለለ የሚያውቀው ያለ ኢንተርኔት የኖረ ሰው ነው።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር። ግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ በየፕሮግራሙ የየራሱ ፎንት ነበርና አንዱ ቢሮ የጻፈው ሌላው ጋ ሲከፈት ሳጥንና ኮተት ይሆን ነበር፤ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ የላቡ ማሽኖች ላይ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት የማስገባው በአንድ መስመር ነው፤ ኤስአይኤል የሚባለው ድርጅት ሠርቶ በነጻ የለቀቀው ነው። እሱንም ደግሞ ለዴቢያን አሽጎ፣ ወረቀቱን ሞልቶ ያስገባ ሰው አለ። አማርኛ ይናገር አይናገር እንጃ፣ ለሥራው አላስፈለገውም።

እንግዲህ «ማን ላከው?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ስሙ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ሰው። አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈለው።

ሁለተኛው መልስ ግን ደስ አይልም።

«ኤክስዜድ» የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ። ትንሽ ነገር ነው፣ ማንም ስሙን አያነሳውም፤ ግን የብዙ ነገር ጣጣ ውስጥ አለበት። ላሴ ኮሊን የሚባል ሰው ለዓመታት ብቻውን፣ ያለ ክፍያ ይዞት ነበር። በ2021 መጨረሻ ላይ «ጂያ ታን» የሚል ስም ያለው ሰው መጣና እርማት መላክ ጀመረ። ጥሩ ጥሩ እርማት ነው የሚልከው። በ2022 ደግሞ ሌሎች ስሞች እየመጡ ኮሊንን «ቀርፋፋ ነህ፣ ለሌላ ሰው ስጥ» እያሉ መወትወት ያዙ። ኮሊን የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረው፣ ሥራውም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜ የሚሠራው መሆኑን በግልጽ ጽፎላቸው ነበር። በመጨረሻ ጂያ ታን አብሮት ተጠሪ ሆነ። በፌብሩዋሪና በማርች 2024 የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የጓሮ በር ተደብቆ ነበር፤ ቁልፉን የያዘ ሰው በዓለም ላይ ያሉ ሰርቨሮችን ሰብሮ ሊገባ የሚችልበት። ፊርማው ትክክል ነው፣ አሻራው ይገጥማል። ማኅተሙ አልተጭበረበረም፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ነው የተጭበረበረው።

እና ወዴት ገባ? ወደ ሲድ፣ አሻንጉሊት ወደሚሰብረው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ዴቢያን ሲድ ላይ የሌላ ፕሮግራም ፍጥነት ሲለካ ወደ ማሽኑ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ሮስተሬ እስኪከፈት ሻይ ጠጥቼ እመጣለሁ። እሱ ግን ለምን ብሎ ጣጣውን ወደ ታች ተከተለው፤ መግቢያው ፕሮግራም ሌላ ላይብረሪ ይጠራል፣ ያ ላይብረሪ ኤክስዜድን ይጠራል። ማርች 29 ቀን 2024 ለሁሉም ይፋ አደረገው። ሰዎች በየቢሮው የሚጠቀሙበት የተረጋጋው ዴቢያን ጋ ገና አልደረሰም ነበር። የዴቢያን አሠራር፣ አዲስ ነገር መጀመሪያ ሲድ ውስጥ ይቆይ፣ ብዙ ዓይን ይየው የሚለው፣ ጊዜ ገዛላቸው። ጊዜ ብቻ ግን አያድንም፤ ያዳነው አንድ ግማሽ ሰከንድ ያንገበገበው ሰው ነው። ጂያ ታን ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ማን እንደነበር በይፋ አልታወቀም።

መርዶክ ይህን አላየም። ዲሴምበር 28 ቀን 2015 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ42 ዓመቱ አረፈ። በ2017 የወጣው ዴቢያን 9 ለእሱ መታሰቢያ ተሰጠ።

ማክሰኞ ዕለት ልጆቹ ሲመጡ «አፕት ሾው» የሚለውን ትዕዛዝ አሳየኋቸው፤ ወረቀቷን አውጥቶ የሚያነብ ነው። ያቺ ተማሪ የቪኤልሲን ወረቀት ዲፔንድሱን ሳይቀር ጮክ ብላ አነበበች፣ ክፍሉ ሳቀባት። ከዚያ ኔትወርክ ያልደረሳቸው ማሽኖች ላይ ልጭንበት ያዘጋጀሁትን ፍላሽ ስሰጣት አገላብጣ አየችውና «ይሄኛውንስ ማን ላከው?» አለችኝ።

«እኔ» አልኳት።

«እርስዎን ደግሞ ማን ያያል?»

ያን ቀን የቀረውን ክፍለ ጊዜ «ሻ256ሰም» በሚለው ትዕዛዝ የፋይል አሻራ ማውጣት አስተማርኳቸው። ስልክ ያለው ከኡቡንቱ የራሱ ገጽ ላይ ያነባል፣ ሌላው ፍላሹ ላይ ያለውን ያወጣል፣ ፊደል በፊደል ያመሳክራሉ። 23 ፋይል አመሳከሩ፣ ሁሉም ገጠመ። አንዱ ልጅ ላይ ሳይገጥም ቀርቶ ደንግጠን ነበር፤ የተሳሳተ መስመር ሲያነብ ኖሯል።

እዚሁ ከተማ ያላችሁና ኡቡንቱ ላይ ያለ ኢንተርኔት መጫን የምትፈልጉ፣ ያወረድኳቸው ፓኬጆች በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አሉ፣ ቪኤልሲ፣ ሊብሬኦፊስ፣ አቢሲኒካ ፎንት፣ ከነጣጣቸው። ከ10 ሰዓት በኋላ ላብ ውስጥ ነኝ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። አሻራውን ግን ከእኔ እንዳትወስዱ፣ በራሳችሁ ስልክ እዩት።